ከፎርማት በፊት

«ጋሼ፣ ፎርማት ብናደርገውስ?» አለ ሙያውን ገና እየለመደ ያለው ልጅ። ደንበኛዋ ቴሌግራሟ ላይ የማታውቀው ዲቫይስ ተገናኝቶ አይታለች፤ ቦታው ኔዘርላንድስ ይላል። መገናኛ አካባቢ ባለችው ጠባብ ሞባይል ቤት ዋናው ጠጋኝ ስልኩን ከልጁ እጅ ተቀብሎ ለባለቤቷ መለሰላት። ራሷ ከፍታ ታሳያቸው ዘንድ ነው።

ጠጋኙ በዚህ ጉዳይ ከጎረቤት ሱቆች ጋር ሳይከራከር የዋለበት ቀን ጥቂት ነው። ለብዙዎቹ መፍትሔው ሁሌም ፎርማት ነው። እሱ ደግሞ ፎርማት የሚያጸዳው በእጅ ያለውን ስልክ ብቻ ነው ባይ ነው። በሌላ ስልክ ወይም ኮምፒዩተር የተከፈተው አካውንት በኩባንያው ሰርቨር የተመዘገበ ስለሆነ ፎርማቱ አይነካውም። ፎቶው ይጠፋል፣ ሰርጎ ገቡ ይቀራል።

ቴሌግራም ላይ ጉዳቱ ይብሳል። አዲስ የገባ ዲቫይስ የቀደሙትን ማስወጣት የሚችለው ከ24 ሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ሌባው ዛሬ ገብቶ ከሆነ ባለቤቱ በነባሩ ስልኩ ወዲያው ያባርረዋል። ስልኩ ፎርማት ከተደረገ ግን አዲስ ገቢው ባለቤቱ ራሱ ይሆናል፤ የመግቢያ ኮዱም ሌባው በከፈተው ቴሌግራም ላይ ይደርሳል። ጠጋኙ ይህን ሲያስረዳ ድምፁ ከፍ ይላል። የገዛ ቤቱን ቁልፍ ለወራሪ እንደ መስጠት ይቆጥረዋል።

የተገናኙ ዲቫይሶችን ዝርዝር ማንበብም ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ስክሪንሾት ይነሳል፤ ከዚያ መጨረሻ የሠራበት ሰዓት፣ ቀጥሎ የዲቫይሱ ዓይነት፣ ቦታው ከሁሉም በኋላ። ቦታ የሚገመተው ከአይፒ አድራሻ ነው፤ ባሕር ዳር ያለ ሰው አዲስ አበባ ተብሎ ሊታይ ይችላል። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም በተገደቡበት ወቅት ቪፒኤን የጫነ ብዙ ነው። ቪፒኤን ሲበራ ደግሞ የሚታየው ሰርቨሩ ያለበት አገር ነው። የዚያች ደንበኛ ነገርም ከዚህ አልወጣም። ሰዓቱ እሁድ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ዲቫይሱ ልጇ ቪፒኤን የጫነበት፣ እሷም አንድ ጊዜ ቴሌግራሟን የከፈተችበት ታብሌት ሆኖ ተገኘ።

የዲቫይሱ ስምም ያስደነግጣል። «ኤስኤም-ኤ125ኤፍ» ሳምሰንግ ኤ12 መሆኑን ስንቱ ያውቃል? ጎግል ባለፉት 28 ቀናት አካውንቱ የተከፈተባቸውን ስለሚዘረዝር በቅርቡ የተሸጠ ስልክም ይታያል፤ አንዱ ስልክ ሁለት ሦስቴ ሊደገምም ይችላል። ዋይፋይ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2019ኙ አንድሮይድ 10 እና ከ2020ው አይኦኤስ 14 ወዲህ ስልኮች የፈጠራ ማክ አድራሻ (የመሣሪያ መለያ) ያሳያሉ። የአድራሻው ሁለተኛ ምልክት 2፣ 6፣ ኤ ወይም ኢ ከሆነ፣ እንግዳ የመሰለው ምናልባት የቤተሰቡ ስልክ ነው።

ከአሜሪካ የሚላክ አይፎን የራሱ ታሪክ አለው። ላኪው ከአፕል አካውንቱ ሳይወጣ ስልኩን ከላከው፣ የአንዱ የጥሪ ዝርዝርና ፎቶ ሌላው ጋ ብቅ ይላል። አንድ ወጣት ተጠለፍኩ ብሎ ሲመጣ፣ ስልኩ ላይ የሚያየው የአጎቱን ጥሪዎች ነበር። እዚያው ተደዋውለው አካውንቱን ለዩ።

ጠጋኙን የሚከብደው ዲቫይሱ የሚታወቅ ሰው ሆኖ ሲገኝ ነው። ዋትስአፕ ከስልኩ ሌላ እስከ አራት ዲቫይስ ያገናኛል፤ አንዳንዴ አንዱ የባል ኮምፒዩተር ነው። ሲቋረጥ በዚያኛው ወገን ይታወቃል። ስለዚህ ከመንካቱ በፊት ሱቁ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ያስወጣና «እህቴ፣ ይህ ቢቋረጥ ቤት ስትገቢ ችግር ይገጥምሻል?» ብሎ ይጠይቃል። አዎ ካለች ውሳኔው የእሷ ነው፤ እሱ የሚታየውን ብቻ ያስረዳታል።

ሚስቱ በሌለችበት ስልኳን ይዞ የመጣን ባል ይመልሳል። የደንበኛ ፓስወርድ አይቀበልም፣ ደብተር ላይም አይጽፍም፤ ጂሜይል ከፍተው ፓስወርዱን ይዘው ከሚያስቀሩ ሱቆች ጋር በዚህም አይስማማም። የዚህ ሥራ ገቢ ከስክሪን ቅያሪ ያንሳል። ሰዎች ግን ለቤተሰባቸው ያልነገሩትን እሱ ዘንድ ተቀምጠው ይናገራሉ፤ ይህን አደራ ከተቀበለ ወዲህ ሥራውን በሌላ ሊለውጥ አስቦ አያውቅም።