ጎታቿና ተጎታቿ

ተርነር በ1839 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ያሳየው «ተዋጊዋ ቴሜሬር» የተሰኘ የዘይት ቀለም ሥዕል፣ የአንዲት መርከብ ቀብር ነው ይባላል። ቴሜሬር 98 መድፍ የተሸከመች፣ በ1805 በትራፋልጋር የተዋጋች የእንጨት መርከብ ነበረች። አርጅታ ተሸጠችና በ1838 በእንፋሎት ጀልባ እየተጎተተች፣ ቴምዝን ሽቅብ ወጥታ ለንደን ልትፈርስ ሄደች። በስተቀኝ ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ሰማዩ ደም መስሏል። እንግሊዞች እስከ ዛሬ ያለቅሱላታል፤ በ2020 ባወጡት የ20 ፓውንድ ኖት ላይ ሠዓሊውን ከነመርከቡ አትመውታል።

ያልቅሱ፤ ደግ። እኛ ግን የምናየው ከደብረ ታቦር፣ ከጋፋት አፋፍ ነው።

ሠዓሊው ሲጀመር ዋሽቷል። መርከቧ ስትጎተት ምሰሶዋ ተነቅሎ ባዶ ቀፎ ነበረች፤ እሱ ሦስት ምሰሶ መልሶ ተከለላት። ጎታቾቹ ሁለት ነበሩ፤ አንዷን አስቀራት። ወደ ምዕራብ የምትሄድ መርከብ ደግሞ የምትጠልቅ ፀሐይን ከኋላዋ ልታደርግ አትችልም። በዚህ አልወቅሰውም፣ ሥዕል የጉምሩክ መዝገብ አይደለም። ጥያቄዬ ውሸቱ ለማን አደላ? ነው። ለአሮጊቷ! እሷ ነጭና ወርቅ ለብሳለች፤ ጎታቿ ጠቁራ እሳትና ጢስ ትተፋለች።

ታዲያ ይቺ ጥቁር ጎታች ማን ናት? አፄ ቴዎድሮስ አጥብቀው የተመኟት ናታ! ጋፋት ላይ ፈረንጆቹን ሰብስበው ሴባስቶፖልን አሠሩ። 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ያን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር መቅደላ ድረስ የጎተተው እንፋሎት አይደለም፣ ሰው ነው፤ መንገድ እየጠረገ፣ ገመድ በትከሻው። ጣና ላይም በእጅ በሚዘወር መንኮራኩር የሚሄድ የደንገል ጀልባ ሞክረዋል። «እንፋሎት ውበትን ገደለ» ማለት እንፋሎት የጠገበ ሰው እሮሮ ነው።

ቢሆንም ሥዕሉን አልጥለውም። ያየነው በኅትመት ቢሆንም ቀለሙን ልብ በሉ፤ መርከቧ ስስ ናት፣ ጥላ ትመስላለች። ሥጋና ክብደት ያላት፣ ውሃውን የምትገምሰው ጎታቿ ናት። የሰውዬው ልብ ለአሮጊቷ አለቀሰ፣ እጁ ግን ለጎታቿ መሰከረ። ትልቅነቱም እዚህ ላይ ነው።

የኛዎቹስ? ጣና ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ታንኳ መሣል ለምዶብናል። ወርቃማ ውሃ፣ ጥቁር ቀዛፊ፣ አለቀ። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ እንደሚከብድ፣ በወራት ውስጥ እንደሚበሰብስ፣ ማገዶ ጭኖ የሚቀዝፈው ሰው ወገቡ እንደሚቆረጥ ከሸራው ላይ አይነበብም። ተርነር እንኳ ጎታቿን ከነጢሷ ፊት ለፊት አቁሟታል። በኛ ሥዕል ውስጥ ሞተር ጀልባዋ የታለች?