ቆርኪና ሳንቲም፤ ስለ ይሆናልነት ትምህርት አሰጣጥ የቀረበ ሂስ

ይሆናልነት (ፕሮባቢሊቲ) የተባለው የሒሳብ ክፍል በተማሪው ዙሪያ ከሚገኙ ዕቃዎች ተነሥቶ ቢሰጥ ይበልጥ ይገባል የሚለው አሳብ በመምህራን ማሠልጠኛዎች ዘንድ ከተለመደ ቆይቷል። አሳቡ ትክክል ነው። ነገር ግን ዕቃው ወደ ክፍል ከገባ በኋላ የሚሰጠው ማስረጃ የማይደመጥ ከሆነ ባይገባ ይሻል ነበር። ይህ ጸሐፊ በአምቦ፣ በጉደርና በጊንጪ ከተሞች ትምህርት ሲሰጥ ተዘዋውሮ በተመለከተበት ወቅት ይህንኑ ታዝቧል።

በአንደኛው ክፍል መምህሩ ከአምቦ ውሃ ጠርሙስ የተነቀሉ ቆርኪዎች ይዘው ገቡ። ወጪ የሌለው፣ በየሻይ ቤቱ ደጃፍ የሚለቀም መሣሪያ ነውና ምርጫቸው የሚመሰገን ነው። ተማሪዎቹ በስድስት ቡድን ተከፍለው እያንዳንዱ ቡድን ቆርኪውን 10 ጊዜ ወረወረ፤ ድምሩም በሰሌዳ ላይ ተጻፈ። ተደፍቶ የወደቀውና ተንጋሎ የወደቀው ቁጥር እጅግ የተራራቀ ነበር። መምህሩ ጥቂት አመነቱ። ከዚያም ሰሌዳውን በዳስተር ጠርገው «ሊሆን የሚችለው ሁለት ነገር ብቻ ስለሆነ መልሱ 1/2 ነው» ሲሉ ጻፉ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ በኦሮምኛ «ታዲያ ለምን ወረወርነው?» ብላ ጠየቀች። ደወል በመደወሉ መልስ ሳታገኝ ቀረች።

የተማሪዋ ጥያቄ የትምህርቱ እምብርት ነበር። የሚፈለገውን ውጤት ብዛት ለጠቅላላው ውጤት ብዛት ማካፈል የሚቻለው ውጤቶቹ ሁሉ እኩል የመከሰት ዕድል ሲኖራቸው ብቻ ነው። ሳንቲም በሁለት ገጹ ተመሳሳይ ስለሆነ 1/2 ማለት ያስኬዳል። ቆርኪ ግን አንድ ወገኑ ጎድጓዳና ጥርሳም፣ ሌላው ወገኑ ዝግ ነው፤ በመክፈቻ ከተጣመመ ደግሞ አንዱ ከሌላው ይለያል። በሐምሌ ወር አምቦ ላይ ነገ ይዘንባል ወይም አይዘንብም፤ ሁለት ነገር ብቻ ነው ብሎ ለዝናቡ ግማሽ ዕድል የሚሰጥ ገበሬ ግን አይገኝም።

ጥፋቱን በመምህሩ ላይ ብቻ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። 60 ውርወራ ጥቂት ነው፤ ደኅና ሳንቲም እንኳ 60 ጊዜ ቢወረወር ዘውዱ 26 ወይም 34 ጊዜ ቢወጣ አያስገርምም። (ከ1969 ዓ.ም ወዲህ በታተሙት ሳንቲሞች ላይ ዘውድ የጫነ ንጉሥ የለም፤ «ዘውድ ወይስ ጎፈር» የሚለው አነጋገር ግን ዘልቋል።) ጆን ኬሪክ የተባለው የሒሳብ ሊቅ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በዴንማርክ ታግቶ ሳለ አንድ ሳንቲም 10,000 ጊዜ ወርውሮ በአንድ ገጹ 5,067 ጊዜ እንደ ወደቀ መዝግቧል። ውርወራው በበዛ መጠን ድርሻው ወደ እውነተኛው ዕድል ይጠጋል። መምህሩ ቁጥሩን ከማጥፋት ይልቅ «እንጨምር» ቢሉ በቂ ነበር።

የካርታው ነገር ሌላ ነው። ይሆናልነት ከቁማር ጥያቄ መወለዱ፣ ፓስካልና ፌርማም እ.ኤ.አ. በ1654 የተጻጻፉት ስለዚሁ መሆኑ አይካድም። ሆኖም ከ52 ካርታ ንጉሥ የማውጣት ዕድል 4/52 ነው የሚለው መልስ ካርታ በእጁ ይዞ ለማያውቅ ተማሪ በቃል የሚጠና ነገር ነው። በብዙ ቤተሰብ ዘንድም ካርታ የቁማር ምልክት ስለሆነ ልጁ ካርታ ይዞ ቤቱ ቢገባ ወቀሳ ይጠብቀዋል። ከደብተር ወረቀት 10 ቁራጭ ቆርጦ በሦስቱ ላይ ምልክት ማድረግ ያንኑ ያስተምራል፤ ሁለት ተከታታይ ምልክት የማውጣት ዕድል የመጀመሪያው ቢመለስ 9/100፣ ባይመለስ 1/15 ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ምሳሌ ግን እቁብ ነው። 12 አባላት ባሉበት እቁብ በመጀመሪያው ዙር የአንዱ ዕድል 1/12 ነው። ሁለተኛው ዙር ላይ የቀሩት 11 ስለሆኑ የሁለተኛው ዕጣ ዕድል 1/11 ነው የሚል ተማሪ አይጠፋም። በመጀመሪያው ላልደረሰው ሰው እውነት ነው። ገና ዕጣው ሳይጀመር ግን 11/12 በ1/11 ሲባዛ ያው 1/12 ይሆናል፤ በየትኛውም ዙር የመውጣት ዕድል አንድ ነው። እዚህ ላይ የሚያስደንቀው ነገር አባላቱ ወረቀቱ እኩል ተቆርጦ እኩል መጠቅለሉን፣ ኮፍያው ውስጥም በሚገባ መናወጡን በዓይናቸው መቆጣጠራቸው ነው። የዕድል እኩልነት በራሱ የሚመጣ ሳይሆን የሚሠራና የሚጠበቅ ነገር መሆኑን ያውቃሉ። በቆርኪው ክፍል የጎደለው ይኸው ነበር።

ስለዚህ የመምህሩ መምሪያ ሲሻሻል ተማሪዎች ሳንቲምና ቆርኪ ጎን ለጎን፣ እያንዳንዱን 200 ጊዜ እንዲወረውሩ፣ ግምታቸውን ግን አስቀድመው በደብተር እንዲጽፉ ቢደረግ ይበጃል። ሁለቱ ዓምዶች እስከሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ድረስ ከሰሌዳው ላይ አይጥፉ።