ልብስን ምን ብለን እንጠይቀው?

የቁም ሣጥን መተግበሪያ መሥራት ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ልብሱን ፎቶ ማንሳት፣ በየዓይነቱ መደርደር፣ ጠዋት ጠዋት «ዛሬ ይህን ልበሺ» ማለት ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. በወጣው «ክሉለስ» የተባለ የአሜሪካ ፊልም ላይ ባለታሪኳ ልጅ ልብሷን በኮምፒውተር እያጋጠመች ስትመርጥ ይታያል። ከዚያ ወዲህ ለስልክ የተሠሩት መተግበሪያዎችም አብዛኞቹ ያንኑ መንገድ ይከተላሉ፤ የልብሱን ዓይነት፣ ቀለምና ብራንድ ይጠይቃሉ። ኩዌት ውስጥ፣ ሳልሚያ ተቀምጬ ለሀበሻ እህቶች ስነድፍ የተረዳሁት ግን መተግበሪያውን የሚያቆመውም የሚጥለውም የምንጠይቀው ጥያቄ መሆኑን ነው።

የአየር ጠባይን እንውሰድ። የውጭዎቹ መተግበሪያዎች የሙቀት ልኩን አይተው ልብስ ይመርጣሉ። ኩዌት ደግሞ በሐምሌ ወር 2016 እ.ኤ.አ. ሚትሪባህ ላይ 53.9 ዲግሪ የተመዘገበባት አገር ናት። በዚያ ስሌት ከሄድን በሐምሌና በነሐሴ ከስስ ቀሚስ ሌላ የሚመረጥ ልብስ የለም። ከታክሲ ወርዳ ማሪና ሞል የገባች ሴት ግን ኤሲው ስለሚያንዘፈዝፋት ሹራብ ትፈልጋለች። ስለዚህ «ስንት ዲግሪ ነው?» የሚለውን ትቼ «የት ነው የምትውዪው?» የሚለውን አስቀደምኩ።

ከሁሉ የከበደኝ የባለቤትነት ጉዳይ ነው። የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 68/2015፣ አሠሪው ለሠራተኛዋ ምግብና ልብስ እንዲያቀርብ፣ በሳምንትም አንድ የዕረፍት ቀን እንዲሰጣት ያዛል። አንዲት ሴት ታዲያ አሠሪዋ የገዛላት የሥራ ልብስ አላት፤ በዕረፍት ቀኗ የምትለብሰው የራሷም አላት። በሻንጣ ውስጥ ደግሞ ለእናት፣ ለእህትና ለክርስትና ልጅ እየተገዛ የሚጠራቀም ሦስተኛ ክምር አለ። ብዙዎቹ መተግበሪያዎች የልብሱን ዋጋ ለተለበሰበት ጊዜ ያካፍላሉ፤ ያልተለበሰውን እንደ ብክነት ይቆጥራሉ። እንዲህ ያለው ስሌት ለቤተሰቧ የምትገዛን ሴት «ገንዘብሽን አባከንሽ» ብሎ ይወቅሳታል። በእኔ ንድፍ እያንዳንዱ ልብስ መጀመሪያ «የማን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ መልሱም «የራሴ»፣ «የሥራ» ወይም «ወደ አገር ቤት የሚሄድ» ነው። ሦስተኛው ከስሌቱ ይወጣና የስጦታ ዝርዝር ይሆናል፤ ከጎኑ የተቀባዩ ስምና የልብሱ ክብደት ይጻፋል። ለአውሮፕላን ሻንጣ የሚያሳስበው ኪሎው ነውና።

ፎቶውም የራሱ ጣጣ አለው። ዳራውን ቆርጦ የሚያወጣው ፕሮግራም ጨርቁ ከግድግዳው በግልጽ እንዲለይለት ይፈልጋል። ነጭ ነጠላ በነጭ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ስሱን ሸማ ከግድግዳው ጋር ያጠፋውና ጥለቱን ብቻ አየር ላይ ያንሳፍፈዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ካሜራው ከመከፈቱ በፊት መተግበሪያው «ነጭ ከሆነ ጥቁር አንሶላ ላይ ዘርጊው» ይላል። ዳራውን ማውጣት ሌላም ጥቅም አለው፤ የአሠሪ ቤት፣ የቤቱ ልጆችም ሆኑ የመኝታ ክፍሉ ፎቶው ውስጥ አይቀሩም። ሥዕሎቹ ተጨምቀው እዚያው ስልኩ ላይ ይቀመጣሉ። አንዱ ወደ 100 ኪሎባይት ቢወርድ ሁለት መቶ ልብስ 20 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ይይዛል፤ ላረጀ ስልክም አይከብድም።

የቀን መቁጠሪያውም እንዲሁ ነው። ጥምቀት ጥር 11 ነው፤ በሳልሚያ ብርዱ የሚጠናበት ወቅት ስለሆነ ከሀበሻ ቀሚሱ ጋር ካፖርት ያስፈልጋል። ፋሲካ በየዓመቱ ቀኑ ይለዋወጣል፤ ሲመጣ ሙቀቱም አብሮት ይመጣል። አንዱ ነጠላ ለበዓልም ለለቅሶም ይለበሳል፤ የሚለየው አጣጣሉ ነው። ስለዚህ አንድን ልብስ በአንድ ክፍል ብቻ መመዝገብ አይሠራም፤ ብዙ ምልክት እንዲይዝ መፍቀድ ግድ ነው። «ለሐዘን» የተባለውን ግን መተግበሪያው ከቶ በራሱ አይጠቁምም። መርዶ የሰማች ሴት ጥቁሯን ፈልጋ ታወጣለች፤ በማንኛውም ማክሰኞ ጠዋት «ዛሬ ጥቁር ልበሺ» የሚላት ስልክ አያሻትም።

በዚያ ላይ የአንድ ልብስ ምዝገባ ከፎቶው ሌላ ከሦስት ንክኪ በላይ መፍጀት የለበትም፤ ሥራ ውላ የደከማት ሴት ረጅም ቅጽ አትሞላም። ብራንድን የሰረዝኩት ለዚህ ነው፤ ቀለሙንም ካሜራው ይሙላው።

አዲስ አበባም ሆነ ሌላ ቦታ ሆናችሁ እንዲህ ያለ ነገር ለመሥራት የምታስቡ ወጣቶች፣ የውጭውን መተግበሪያ ወደ አማርኛ በመመለስ አትጀምሩ። መጀመሪያ ሄዳችሁ ከተጠቃሚዋ ጋር ሻንጣውን ክፈቱ፤ እያንዳንዱን ልብስ ስታነሳ ምን እንደምትል አድምጡና ጥያቄዎቻችሁን ከዚያ ጻፉ። የስክሪኑ ውበት በኋላ ይደርሳል።