ለጫጩት ኤሊ የሚሠራ አየር

እምድብር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የጉራጌ ከተማ ናት። ክረምቷ ዝናብና ጭጋግ የማይለየው ነው፤ በበጋም ቢሆን ሌሊቱ ይበርዳል። ከጀፎረው፣ ማለትም ሣር ከለበሰው ሰፊ የመንደር መንገድ፣ ዳር ፊቱን ወደ ሣሩ፣ ጀርባውን ወደ እንሰቱ ሰጥቶ የቆመው የጉራጌ ቤት ውስጥ ግን ብርዱ ደፍሮ አይገባም። በሩን ያለፈውን ሰው መጀመሪያ የሚቀበለው ሙቀት ነው፤ ከዚያ የጢስ ሽታ፣ ከዚያ የከብት ትንፋሽ። ዓይን ጨለማውን ሲለምድ ምሰሶው ብቅ ይላል። ከምሰሶው ተነሥተው ወደ ጣሪያው የሚዘረጉት ደጋፊ እንጨቶች የክዳኑን ክብደት እየተቀበሉ ለአንዱ ግንድ ያስረክባሉ። ግድግዳው የተፈለጠ እንጨት ነው፤ ጎን ለጎን ተተክሎ፣ ተጠጋግቶ፣ ታስሮ። በአንደኛው ወገን ጋጣው አለ፤ ጥጃዋ እዚያ ታድራለች።

የዚህን ቤት ሥራ የምለካው በጥጃዋ ነው። ከምድጃው የሚነሣው ጢስ የተለየ መውጫ የለውም፤ በሣር ክዳኑ ውስጥ ቀስ እያለ ሰርጎ ይወጣል፤ ሲያልፍም ሣሩን ያደርቃል፣ ተባዩን ያባርራል። ሙቀቱ ግን ጢሱን ተከትሎ አይሄድም፤ ወፍራሙ ክዳን ያስቀረዋል። ከብቶቹ በገላቸው ሙቀት ቤቱን ያሞቃሉ፤ ቤቱም መልሶ ጥጃዋን ያሞቃል። ጧት ጧት ጋጣው ይጠረጋል፣ እበቱ ወደ እንሰቱ ሥር ይወሰዳል። እኔ የማደንቀው ከጥርቡም አልፎ ጥርቡ ያስገኘውን አየር ነው። ግንዱን ጠርበው ምሰሶውን የሚያቆሙት ባለሙያዎች በጉራጌ አገር ለረጅም ዘመን መሬት ተነፍገው፣ ከሌላው ጋር አንድ ገበታ ሳይቀርቡ መኖራቸውን እያወቅሁ ደግሞ ሥራውን አመስግኖ ሠሪውን መዝለል አይሆንልኝም። ያ እጅ ክብር ይገባዋል።

ቤቱን ያነሣሁት ስለ ኤሊ ልጽፍ ብዬ ነው። ታዳጊ ኤሊን ቤት ውስጥ ማሳደግ እንዴት ያለ የእጅ ሥራ እንደሆነ ለመናገር፣ ለለጋ እንስሳ ቤት መሥራት ማለት አየር መሥራት መሆኑን አስቀድሞ ከሚያውቅ አገር መነሣት ይሻላል።

ሱልካታ የምትባለው ኤሊ ከሰሐራ በታች፣ ከሴኔጋል እስከ ሱዳን፣ ኤርትራና ኢትዮጵያ በሚዘረጋው ደረቅ ምድር የምትኖር የየብስ ኤሊ ናት። ከጋላፓጎስና ከአልዳብራ ደሴቶች ግዙፍ ኤሊዎች ቀጥላ በዓለም ሦስተኛዋ ትልቅ ናት፤ ወንዱ 50 ኪሎ በቀላሉ ያልፋል፣ 100 ኪሎ የደረሱም አሉ። ስትፈለፈል ግን ርዝመቷ ከ4 እስከ 5 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። መዳፍ ላይ ስትቀመጥ ክብደቷ ብዙም አይሰማም። ያም ሆኖ በዚያች ትንሽ ጀርባ ላይ የአዋቂዋ ንድፍ ሙሉ ሆኖ ተሥሏል፤ በመሃል 5፣ በግራና በቀኝ 4፣ 4 ትልልቅ ሰሌዳዎች፣ ዙሪያውን ደግሞ እንደ ጥልፍ ጠርዝ የሚከብቡት ትንንሾቹ። ቁጥራቸው ዕድሜዋን ሙሉ አይጨምርም፤ እያንዳንዱ በያለበት ይሰፋል እንጂ።

የሚሰፋበት መንገድ ነው አጉልቼ እንድመለከተው የሚያደርገኝ። ሰሌዳው የተሠራው ጥፍርና ቀንድ ከሚሠሩበት ከኬራቲን ነው። በመሃሉ ላይ ሸካራ፣ ነጠብጣብ የበዛበት ቦታ አለ፤ ያ ከእንቁላል ይዛው የወጣችው የመጀመሪያው ሰሌዳ ነው፣ አይጣልም። አዲሱ ኬራቲን ሁልጊዜ በዳር በኩል፣ በሁለት ሰሌዳዎች መጋጠሚያ ላይ ይጨመራል። ከሥሩ አጥንት አለ፤ ከጎድን አጥንቶችና ከአከርካሪ ጋር አንድ የሆነ። የላይኛው መጋጠሚያና የታችኛው የአጥንት መጋጠሚያ በአንድ መስመር አይገናኙም። ድንጋይ የሚደረድር ጥሩ ግንበኛ መጋጠሚያን በመጋጠሚያ ላይ አያሳርፍም፤ ኤሊዋም በጀርባዋ ያደረገችው ይህንኑ ነው። የትከሻ አጥንት ደግሞ በሌሎች ባለ አከርካሪ እንስሳት ከጎድን አጥንት ውጭ ሆኖ ሳለ የእሷ ከውስጥ ነው። በደንብ ያደገች የአንድ ዓመት ሱልካታ ጀርባ ላይ ጣት ቢያሳልፉ እያንዳንዷ የእድገት ቀለበት ትዳሰሳለች፤ ጣቱን የሚያደናቅፍ ጉብታ ግን አይኖርም። ቀለሙ የገለባ ነው፣ በመጋጠሚያዎቹ በኩል ወደ ቡኒ ያደላል።

በቤት ያደጉ ብዙ ሱልካታዎች ግን እንዲህ አልነበሩም፤ ዛሬም ያልሆኑ ብዙ ናቸው። እያንዳንዱ ሰሌዳ ለብቻው ወደ ላይ ይነሣና ጀርባቸው የትንንሽ ፒራሚዶች ሰፈር ይሆናል። ለረጅም ጊዜ ጥፋቱ ሲላከክ የኖረው በመኖ ላይ፣ በተለይም በፕሮቲን መብዛት ላይ ነበር። አርቢዎቹ ኤሊዋ የበረሃ ልጅ ናት ብለው ደረቅ አፈር አንጥፈው፣ የሚያቃጥል መብራት ሰቅለው፣ ውኃ ነፍገው ያሳድጓት ነበር፤ የፕሮቲኑን ግራም እየቆጠሩ። እ.ኤ.አ. በ2003 በቪየና የተሠራ አንድ ጥናት ነገሩን ገለበጠው። 50 የሱልካታ ጫጩቶች በተለያየ የአየር እርጥበትና በተለያየ የፕሮቲን መጠን ለ5 ወር አደጉ። ጉብታው የጎላው በደረቅ አየር ባደጉት ላይ ነበር፤ የፕሮቲኑ ድርሻ አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። እርጥበቱ እስከ 99 በመቶ በሚደርስ አየር ውስጥ ያደጉት ጀርባቸው የበለጠ ለስላሳ ነበር።

በረሃን ከላይ ብቻ ያየ ሰው ይህ ይገርመው ይሆናል። ሱልካታ ግን ቆፋሪ ናት። የቀኑን ጠራራ የምታሳልፈው ብዙ ሜትር በሚዘልቅ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ እዚያ ታች አፈሩ እርጥበቱን አይለቅም። ጫጩቶቹም ከላዩ ሜዳ ይልቅ በቁጥቋጦ ሥርና በጉድጓድ ተደብቀው ነው የሚያድጉት። አርቢዎቹ ለዓመታት የቀዱት ኤሊዋ የምትሸሸውን አየር ነበር። ጉዳቱ የሚብራራው እንዲህ ነው፦ በመጋጠሚያው ላይ ገና የበቀለው ለጋ ኬራቲን በደረቅ አየር ሲመታ ከላይ በኩል ቶሎ ይደርቃል፤ ወደ ጎን መዘርጋት ሲያቅተው ወደ ታች ይወፍራል፤ የሰሌዳው መሃል ደግሞ ከፍ ብሎ ይቀራል።

ስለዚህ ጥሩ አርቢ ዛሬ የሚሠራው የተዘጋ ቤት ነው። የሠሪውን እጅ ለማየት መጀመሪያ ክዳኑን እመለከታለሁ። አፉ ክፍት በሆነ ሣጥን ላይ መብራት ሲሰቀል የሞቀው አየር እርጥበቱን ይዞ ወደ ላይ ያመልጣል፤ በምትኩ የክፍሉ ደረቅ አየር ይገባል። ስለዚህ መብራቶቹ ከክዳኑ በታች፣ ከውስጥ ይታሰራሉ፤ ክዳኑ ጠርዝ በጠርዝ ይገጥማል። የወለሉ መጋጠሚያ በሲሊኮን ይደፈናል፤ አለዚያ እርጥበቱ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። ኤሊዋ በምትሄድበት ከፍታ ግድግዳው ብርሃን አያሳልፍም፤ አሻግራ የምታየውን ነገር ቀኑን ሙሉ ስትገፋ ትውላለችና። ወለሉ ላይ የኮኮናት ልጣጭ ብናኝ ወይም የዛፍ ቅርፊት ከ8 እስከ 10 ሳንቲሜትር ይነጠፋል፤ ውኃው ከሥር እንዲጠጣ በማዕዘኖቹ በኩል ይፈስሳል፣ ከዚያ ላዩ በእጅ ይጠቀጠቃል። የውኃ ሳህኑ ዝርግና ሸካራ የሸክላ ሳህን ነው፤ ከንፈሩ ከአፈሩ ጋር እኩል እስኪሆን ይቀበራል። ጫጩት ኤሊ በጀርባዋ ከተገለበጠች ሁልጊዜ አትነሣም፤ ይህች የአንድ ጣት ከፍታ ልዩነት የሕይወት ጉዳይ ናት።

ከዚያ ሙቀቱ። በአንደኛው ጫፍ ከመብራቱ ሥር ከ35 እስከ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በሌላው ጫፍ ደግሞ ቀንም ሌሊትም ከ27 የማይወርድ። የሌሊቱን ሙቀት የሚሰጠው ብርሃን የሌለው የሴራሚክ ማሞቂያ ነው፤ ቴርሞስታቱ ሲያስፈልግ ይከፍተዋል፣ ሲበቃ ይዘጋዋል። መብራት በሚቋረጥበት ከተማ ክዳኑ በደንብ የገጠመ ቤት የያዘውን ሙቀት በአንዴ አይለቅም፤ ያልገጠመው ግን ከክፍሉ ጋር አብሮ ይበርዳል። እርጥበትና ብርድ ባንድነት ለኤሊ ሳንባ ክፉ ናቸው። እርጥበቱ የሚጠቅማት ሙቀቱ እስካለ ድረስ ነው፤ በእምድብር ክረምት ክፍት ሣጥን ውስጥ እርጥብ አፈር ላይ ማሳደር እሷን ማሳመም ነው።

ስለ ፀሐይ ግን እምድብር የተባረከች ናት። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ ከፍ ባለ ስፍራ በመሆኗ የቀትር ፀሐይዋ ብርቱ ናት። ኤሊ ካልሲየም ከምግቧ ወደ አጥንቷ እንዲገባ ቫይታሚን ዲ3 ያስፈልጋታል፤ ይህን በቆዳዋ የምታዘጋጀው ዩቪቢ በሚባለው የጨረር ክፍል ነው። የመስኮት መስተዋት ይህን ጨረር ያስቀረዋል፤ ስለዚህ በመስኮት በኩል የገባ ፀሐይ ሞቅ ቢያደርጋትም አጥንቷን አይሠራም። ይህን ጨረር እንዲሰጥ የተሠራ አምፖልም ቢሆን ለዓይን እንደበራ ጨረሩ ቀድሞ ይዳከማል። በበጋ ቀን ግማሽ ጥላ፣ ግማሽ ፀሐይ ባለው ሣር ላይ ለጥቂት ጊዜ ማውጣት ከየትኛውም አምፖል ይበልጣል፤ ከአጠገቧ ሳይርቁ፣ ምክንያቱም ትንሽ ገላ ቶሎ ይግላል።

የቀረው የየዕለት እጅ ነው። ለብ ባለ ውኃ፣ ከአገጯ በታች በሚቀር ጥልቀት፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ትዘፈዘፋለች። ትጠጣለች፤ ብዙ ጊዜም እዚያው ሆዷን ታቀልላለች። ምግቧ ሣርና ቅጠል ነው። ከደጅ የሚለቀም ሰርዶ ለእሷ ትልቅ ግብዣ ነው፤ ለጫጩቷ አፍ እንዲመች ደቀቅ ተደርጎ ይቆረጣል። የበለስ ቅጠልም እሾሁ ተጠርጎ ይሰጣታል፤ ወተት የሚያወጣው ቁልቋል ግን ያቃጥላልና ፈጽሞ አይጠጋትም። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሥጋ የእሷ አይደለም፤ ፍራፍሬም አንጀቷ ለሣር የተሠራ በመሆኑ አይስማማትም። ቅጠሉ ላይ አልፎ አልፎ የሚነሰነሰው የካልሲየም ዱቄት ቁንጥር ብቻ ነው። ኤሊ ሰው ሲያገላብጣት፣ ሲያቅፋት ደስ አይላትም፤ የሚወዳት ሰው ፍቅሩን በቴርሞሜትሩ ላይ ነው የሚያሳያት።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ይህ ሙያ በሕጋዊ መንገድ በሰው እጅ ለተፈለፈለች ወይም ከችግር ለተረፈች ኤሊ ነው። በኢትዮጵያ ሕግ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ ክልክል ነው። ሱልካታ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት፣ በሳይቲስ፣ ሁለተኛ ሠንጠረዥ ውስጥ ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ከዱር ተይዘው ለንግድ ለሚወጡት የተፈቀደው ኮታ ዜሮ ነው። ለመጥፋት በተቃረቡት ዝርያዎች መዝገብም ገብታለች። ከቆላ በካርቶን ተጭና ወደ ደጋ የምትወጣ ኤሊ የማንም የቤት እንስሳ አይደለችም፤ ከጉድጓዷ የተሰረቀች ናት። በአንጻሩ በሴኔጋል፣ ከዳካር አቅራቢያ ባለችው ኖፍላዬ፣ ለሱልካታ የተሠራ የኤሊ መንደር አለ። እዚያ ጫጩቶች ተኮትኩተው ያድጋሉ፤ ከእነሱም በዚያው አገር ወዳለው የፌርሎ ደረቅ ምድር የተመለሱ አሉ። ይህ ሁሉ የክዳንና የእርጥበት ጥንቃቄ ከአንድ ሰው ሳሎን ወጥቶ ለዝርያው የሚደርሰው እዚያ ነው።

የሥራው ውጤት ደግሞ አይደበቅም፣ አይታረምምም። አንዴ የተነሣ ጉብታ ተመልሶ አይተኛም። በኋላ አየሩ ቢስተካከል አዲሱ ኬራቲን በጉብታው ዙሪያ ዝርግ ሆኖ ይበቅላል፤ የድሮው እንደቆመ ይቀራል። ስለዚህ የአዋቂ ሱልካታ ጀርባ ለሚያውቅ ሰው ይነበባል። ከሰሌዳው መሃል ጀምሮ ሾጥጦ ወጥቶ ወደ ዳር ሲሄድ ከረገበ፣ ኤሊዋ የመጀመሪያ ወራቷን በደረቅ ሣጥን አሳልፋ በኋላ የተሻለ እጅ አግኝታለች። መሃሉ ዝርግ ሆኖ ዳሩ ላይ ከተሰበረ፣ በጥንቃቄ ጀምሯት የተወ ሰው ነበር። ከመሃሉ ሸካራ ቦታ እስከ መጨረሻው ቀለበት ጣት ያለ እንቅፋት ከሄደ፣ አንድ ሰው ከጫጩትነቷ ጀምሮ አንድም ወር ሳይዘናጋ አየሯን ጠብቆላታል።