የብራውዘር ሆዳምነት፤ በበቆጂ ኮምፒዩተሮች ላይ ስለሚሰጠው ምክር የቀረበ ሒስ

በበቆጂ ከተማ በዋናው መንገድ ዳርና ዳር ባሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች አሮጌ ኮምፒዩተር ሲንቀራፈፍ የሚሰማው ፍርድ አንድ ነው፤ ይኸውም «ብራውዘሩ ራሙን በላው» የሚል ነው። ከፍርዱ በኋላ የሚከተለውም ምክር የታወቀ ነው። ታቦችህን ዝጋ፤ ካልሆነም ራም ጨምር፤ ይህም ካልረዳ አዲስ ኮምፒዩተር ግዛ ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ዐላማ ይህን ፍርድና ምክር መመርመር ነው። ምክሩ ፈጽሞ ሐሰት ነው አንልም። ዳሩ ግን ሳይለካ የሚፈርድ፥ የጥበቃን ዋጋ ከብክነት የማይለይ፥ የገጽ ሠሪውንም ጥፋት በብራውዘሩ ላይ የሚጭን ስለ ሆነ ጉድለቱ ከጥቅሙ ይበልጣል። ነገሩ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይደለም። ማመልከቻ ለመሙላት ከገጠር ቀበሌ በእግሩ የመጣ ተማሪ ቅጹን አጋምሶ ሳለ ኮምፒዩተሩ ቢደርቅበት ኪሣራው የባለ ሱቁ ብቻ አይሆንም።

በመጀመሪያ ራም የተባለው ምን እንደ ሆነ እንወስን። የአርሲ ገበሬ ገብሱን በጎተራ ያኖራል፤ ለዕለቱ የሚያስፈልገውን ግን በቁና ሰፍሮ ወደ ቤት ያስገባል። ዲስክ ጎተራው ነው፤ ራም ደግሞ ለዕለቱ ሥራ በእጅ አጠገብ የተቀመጠው ነው። ራም ሲሞላ ኮምፒዩተሩ ወዲያው አይቆምም፤ ለጊዜው ያልተፈለገውን ወደ ዲስክ እየመለሰ ቦታ ያስለቅቃል። ከራም አንድ ነገር ለማግኘት የሰከንድ አሥር ሚሊዮንኛ ያህል ሲበቃ፥ ከሚሽከረከር ዲስክ ለማግኘት ግን የሰከንድ መቶኛ ያህል ይፈጃል፤ ልዩነቱ 100,000 እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ የሕመሙ ምልክት የቁጥሩ ትልቅነት ሳይሆን ይህ ምልልስ ነው። ባዶውን የዋለ ራም ለማንም አይጠቅምም። 8 ጊጋባይት ባለው ኮምፒዩተር ላይ 2 ጊጋባይት የያዘ ብራውዘር ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ 4 ጊጋባይት ባለው ላይ ግን ያው መጠን ከዊንዶውስና ከሌሎች ሥራዎች ጋር ተደምሮ ማሽኑን ወደ ጎተራ ሲያመላልሰው ሊውል ይችላል።

ሁለተኛው ስሕተት ብራውዘሩ የሚይዘውን ሁሉ ብክነት አድርጎ መቍጠር ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2008 ክሮም ሲወጣ ገጾችን በተለያዩ ፕሮሰሶች ከፋፍሎ ማስኬድ ጀመረ። ከዚያ በፊት በተለመደው አሠራር ግን አንድ ገጽ ሲበላሽ መላው ብራውዘር ዐብሮ ይወድቅ ነበር። ክፍፍሉ ይህን አደጋ ቀነሰ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ፕሮሰስ የራሱ መሣሪያ ስለሚያስፈልገው ራም ጨመረ። በጥር 2018 ሜልትዳውንና ስፔክተር የተባሉት የፕሮሰሰር ድክመቶች ይፋ ሲሆኑ፥ በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ዐብረው የሚኖሩ ድረ ገጾች አንዱ የሌላውን ምስጢር ሊሰርቅ እንደሚችል ታወቀ። በዚያው ዓመት ክሮም በ67ኛው እትሙ ልዩ ልዩ ድረ ገጾችን በየፕሮሰሳቸው ለየ። ጎግል ራሱ ይህ ብዙ ታብ በተከፈተበት ሥራ ከ10 እስከ 13 በመቶ ተጨማሪ ራም እንደሚፈጅ አልሸሸገም። ፋየርፎክስም በ2021 ተመሳሳይ ክፍፍል አስገብቷል። እንግዲህ ራም ለማዳን ብሎ ይህን ጥበቃ አጥፉ የሚል መካሪ፥ ግቢው ጠበበኝ ብሎ አጥሩን ከሚያፈርስ ሰው አይለይም። በተለይ አሥር ሰው እየተፈራረቀ ኢሜይሉንና የባንክ ሒሳቡን በሚከፍትበት የሱቅ ኮምፒዩተር ላይ ምክሩ አደገኛ ነው።

ይህ ሲባል ብክነት የለም ማለት አይደለም። የፋየርፎክስ ሠሪዎች በ2011 ሜምሽሪንክ የተባለ ሥራ አቋቁመው ብራውዘሩ ያለ አግባብ የሚይዘውን ራም እየፈለጉ ማረማቸው፥ ወቀሳው መሠረት እንደ ነበረው ያሳያል። ከሥራው መሪዎች አንዱ የነበረው ኒኮላስ ኔዘርኮት በ2014 እንዳሳየው፥ ማስታወቂያን የሚከለክለው አድብሎክ ፕላስ በገጽ ውስጥ በተሰካ በእያንዳንዱ ንኡስ ገጽ ላይ የራሱን ደንብ ስለሚደግም ራሙን እጅግ ያበዛ ነበር። ሸክም ያቀልላል ተብሎ የተጫነው ተቀጥላ ራሱ ሸክም ሆነ ማለት ነው። «ብራውዘሩ በላው» ብሎ የሚፈርድ ሰው እንዲህ ያለውን በላተኛ ከቶ አያገኘውም።

ሦስተኛው ነገር ይበልጥ እኛን የሚመለከት ነው። አንዳንድ ሰዎች ፊደላችን ስለሚከብድ የአማርኛ ገጽ ይዘገያል ሲሉ ይሰማል። በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ የገባው ፊደላችን ሲላክ በአብዛኛው በፊደል 3 ባይት፥ በራም ውስጥ ደግሞ 2 ባይት ይይዛል። ስለዚህ 5,000 ፊደል ያለው ረዥም ጽሑፍ በራም ውስጥ 10,000 ባይት ያህል ቢይዝ ነው። በአንጻሩ በስልክ የተነሣ 4,000 በ3,000 የሆነ ፎቶግራፍ 12 ሚሊዮን ነጥቦች አሉት፤ ሙሉ በሙሉ ሲፈታ ለእያንዳንዱ ነጥብ 4 ባይት ስለሚያስፈልግ 48 ሚሊዮን ባይት ይሆናል። ፋይሉ ተጨምቆ 3 ሚሊዮን ባይት ብቻ መሆኑ ሠሪውን ያታልለዋል። አንድ ፎቶግራፍ 4,800 ረዣዥም ጽሑፎችን ያህላል ማለት ነው። እንግዲህ ጥፋቱ የፊደሉ ነው ወይስ ከስልክ የወጣውን ፎቶግራፍ ሳያሳንስ አሥሩን በአንድ የፊት ገጽ ላይ የሚደረድረው የገጽ ሠሪ? ፍርዱን ለአንባቢ እንተዋለን።

በቆጂ የእነ ደራርቱ ቱሉና የእነ ቀነኒሳ በቀለ አገር ናት፤ በዚያ የሯጭ ድካም በሰዓት ተለክቶ እንጂ በመልክ ታይቶ አይፈረድም። ብራውዘርም እንዲሁ ይለካ። በዊንዶውስ ላይ ክሮም ተከፍቶ ሺፍትና ኢስኬፕ ዐብረው ሲጫኑ፥ እያንዳንዱ ታብና ተቀጥላ የያዘውን ራም የሚያሳይ ሠንጠረዥ ይወጣል፤ ፋየርፎክስም የዚህ ዓይነት ታስክ ማናጀር አለው። ከሁሉ የሚበልጠውን ለይቶ፥ ሳይነኩት ለጥቂት ደቂቃዎች መመልከት ነው። ቁጥሩ ከፍና ዝቅ ቢል ጤና ነው። ሳያቋርጥ ቢወጣ ግን ገጹ ያፈስሳል ማለት ነው፤ ብራውዘሩ የሚጠርገው የማንም እጅ ያልያዘውን ብቻ ስለ ሆነ፥ የገጹ ፕሮግራም ያረጀውን ሁሉ ጨብጦ ከያዘ ሊጥለው አይችልም። መድኀኒቱ ያን ገጽ እንደ ገና መጫን ነው፤ ሌሎቹን ታቦች መዝጋት ግን ምንጩን አያደርቀውም። ከታቦቹ ይልቅ ተቀጥላው ከበለጠ፥ ተቀጥላዎችን ሁሉ አጥፍቶ አንድ በአንድ መመለስ ጥፋተኛውን ያሳያል።

ክሮም በታኅሣሥ 2022 ያስታወቀው የሜሞሪ ቆጣቢ የማይሠራበትን ታብ ከራም ያወጣል። ይህ መልካም ፈጠራ ነው፤ ቅጽ ተጀምሮ ያልተላከበትን ታብ እንዳይነካም ሠሪዎቹ አስበውበታል። ዳሩ ግን የወጣው ታብ ሲመለስ ገጹ ከኔትዎርክ እንደ ገና ይጫናል። መስመሩ ፈጣን በሆነበት አገር ይህ ዋጋ አይታይም፤ ሜጋባይት እየተገዛ በሚሠራበት ሱቅ ግን ከራም የተቆጠበው ከኪስ ይወጣል። ስለዚህ ዘወትር የሚፈለጉትን ድረ ገጾች በመቼቱ ውስጥ ከቆጣቢው ነጻ ማድረግ ይገባል።

ራም መጨመር ትክክል የሚሆነው ይህ ሁሉ ተመርምሮ፥ የሚያፈስስ ገጽና የሚያበዛ ተቀጥላ ሳይገኝ፥ ዲስኩ ግን ሥራ ሲበዛበት የታየ እንደ ሆነ ነው። ያን ጊዜ ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት ማሳደግ የሚያዋጣ ወጪ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን የሚያፈስስ እንስራ ይዞ ትልቅ እንስራ እንደ መግዛት ነው፤ እርሱም ይሞላል፥ የሚዘገየው ጥቂት ብቻ ነው።

ባልንጀሮቻችን የኮምፒዩተር ተማሪዎች በዕረፍት ወደ አሰላና ወደ በቆጂ ሲወርዱ፥ በየሱቁ ያለውን ማሽን የራም መጠን፥ ዘወትር የሚከፈቱትን ገጾች፥ እያንዳንዱም የሚይዘውን በሠንጠረዥ ቢመዘግቡ ለገጽ ሠሪዎቻችን የሚቀርብ ማስረጃ ይሆናል። ይህን ለመሥራት እርሳስ፥ ደብተርና ሁለት ቁልፎች ይበቃሉ።