ምንጩ ክፍት መሆኑ ብቻ ይበቃልን?

በብዙዎቻችን ዘንድ የፕሮግራም ምንጭ ጽሑፍ ለሁሉ ክፍት ከሆነ ሥራው እንደ ተፈጸመ ይቈጠራል። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ለጉራጌ ልሳኖች የሚያገለግሉ 28 ተጨማሪ ፊደላት እ.ኤ.አ. በ2021 በዩኒኮድ 14.0 ገብተዋል፤ ኪማን የተባለው የመጻፊያ ፕሮግራም ምንጭም ክፍት ነው። ይሁን እንጂ ምንጭ ጽሑፍ በጓሮ እንደ ቆመ እንሰት ነው፤ ተፍቆ፣ በጉድጓድ ተብላልቶ ካልተጋገረ ቆጮ አይሆንም። ለዊንዶውስ፣ ለሊኑክስና ለአንድሮይድ ለየብቻው አጠናቅሮ፣ ዘወትር በሚገኝበት ቦታ የሚያኖረው ከሌለ ለጉንችሬ ተማሪ ምን ይረባዋል? ምስጋናውን ሁሉ ለጸሐፊው ሰጥተን አጠናቃሪውንና ጠባቂውን መርሳታችን ስሕተት ነው። ስለዚህ ኮሌጆቻችን ያለቀለትን ፋይል ከነማረጋገጫ ቍጥሩ በየቤተ መጻሕፍታቸው ያኑሩ እንላለን።