በመርፌና በክር የተሠራ የልብ ቫልቭ

ስፋቱ 23 ሚሊሜትር ነው። ቁመቱ 18። በሁለት ጣት ይያዛል። ከውጭ ሲያዩት የብረት መረብ ነው፤ የታችኛው ክፍሉ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። ከላይ ወደ ውስጥ ሲመለከቱ ሦስት ስስ ቅጠሎች መሐል ላይ ገጥመው ይታያሉ። የተገናኙበት መስመር ከመሐል ተነሥቶ በሦስት አቅጣጫ ወደ ዳር ይወጣል። ይህ ደረት ሳይከፈት በካቴተር፣ ማለትም በደም ሥር ውስጥ በሚያልፍ ቀጭን ቱቦ፣ ከሚገቡት የአኦርታ ቫልቮች አንዱ፣ ሳፒየን 3 የሚባለው ነው። በ20፣ በ26 እና በ29 ሚሊሜትር ስፋትም ይሠራል።

የአኦርታ ቫልቭ የሚገኘው የግራው የታችኛው የልብ ክፍል ደምን ወደ መላ ሰውነት በሚገፋበት መውጫ ላይ ነው። ጤነኛው ቫልቭ ሲከፈት ከ3 እስከ 4 ስኩዌር ሴንቲሜትር የሚሆን ቀዳዳ ይሰጣል። ዕድሜ ሲገፋ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ካልሲየም ይጋገርበታል፤ ቅጠሎቹ ይደርቃሉ። ቀዳዳው ከ1 ስኩዌር ሴንቲሜትር ሲያንስ ሐኪሞች ጥበቱን ከባድ ይሉታል። ትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት ይከተላሉ። ቀድሞ መፍትሔው አንድ ነበር፦ የደረት አጥንት ተሰንጥቆ፣ ልብ እንዲቆም ተደርጎ፣ የደረቀው ቫልቭ ተቆርጦ ይወጣና አዲስ ይሰፋል። በካቴተር ሲገባ ግን አሮጌው አይወጣም። አዲሱ በውስጡ ይከፈትና የአሮጌውን ቅጠሎች ወደ ግድግዳው ይጫናቸዋል። የተጋገረው ካልሲየምም ብረቱን ጨብጦ ይይዘዋል። ቫልቩን ያበላሸው ነገር ለአዲሱ መያዣ ሆነ ማለት ነው። ይህን ነጥብ ልብ ይሏል፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ቅጠሎቹ የከብት ናቸው። የሚቆረጡት ልብን ከውጭ ከሚያቅፈው ከረጢት ነው። ሽፋኑ የሚሊሜትር ሩብ ገደማ ውፍረት አለው፤ በዚያ ስስነት ውስጥ የኮላጅን ጭረቶች በድርብርብ ተኝተዋል። ጥሬውን ቢተዉት ይበሰብሳል፤ የሰው ሰውነት ውስጥ ቢያስገቡትም ሰውነት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይዋጋዋል። ስለዚህ ግሉታራልዴሃይድ በሚባል ኬሚካል ይነከራል። ኬሚካሉ የኮላጅኑን ጭረቶች እርስ በርስ ያስራቸዋል። ቆዳ የሚያለፉ ፋብሪካዎችም ይጠቀሙበታል፤ ሥራው በመሠረቱ ያው ማልፋት ነው፣ ልዩነቱ ያለው ከዚያ በኋላ በሚደረገው ምርጫ ላይ ነው። ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ለልብ ቫልቭ ያዋለው ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም አላን ካርፓንቲዬ ነው።

ምርጫው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ሽፋን ይመረመራል። የደም ሥር ምልክት ያለበት፣ ስብ የቀረበት፣ ጭረቱ የተዛባ ቦታ ይጣላል። ውፍረቱ ይለካል። ቅጠሎቹ በሌዘር ይቆረጣሉ። ከዚያም ሦስት ሦስት እየሆኑ ይመደባሉ፤ በአንድ ቫልቭ ውስጥ የሚገቡት ሦስቱ በውፍረትም በመለጠጥም የሚመሳሰሉ መሆን አለባቸው። አንዱ ከሌሎቹ ቢጠነክር ዘግይቶ ይከፈታል፤ ሸክሙም ለሦስቱ እኩል አይከፈልም። የቅጠሉ ነጻ ጠርዝ ከብረት ክፈፉ መለኪያ ጥቂት ተርፎ ይቆረጣል። ሦስቱ ሲዘጉ ዳር ለዳር ብቻ ተነካክተው እንዳይቀሩ ነው፤ ገጽ ለገጽ ተደጋግፈው ነው የሚዘጉት። አንዱ በትንሹ ቢሸሽ እንኳ ደም ወደ ኋላ አይመለስም።

ከዚህ በኋላ ስፌት ይመጣል። እስካሁን አብዛኛው በእጅ ነው የሚሰፋው። ሰፊዎቹ ከአቧራ በጠራ ክፍል ውስጥ፣ አፍና ፀጉራቸውን ሸፍነው፣ በማይክሮስኮፕ ሥር ይሠራሉ። ለዚህ ለወራት ይሠለጥናሉ። ሥራው እርጥብ ነው፤ ቅጠሉ ከደረቀ ጠባዩ ስለሚለወጥ በየጊዜው ይረጠባል። መርፌው በገባበት ቦታ ሁሉ ቀዳዳ ይቀራል፤ ሽፋኑ መቀደድ የሚጀምረው ደግሞ ከቀዳዳ ነው። ስለዚህ በስፌቶቹ መካከል ያለው ርቀት እኩል መሆን አለበት። ክሩ ከተገባው በላይ ከጠበቀ ሽፋኑን ይቆርጠዋል፤ ከላላ ቅጠሉ በእያንዳንዱ ምት ይንቀሳቀስና ይፈገፈጋል። ቅጠሉ ብረቱን በቀጥታ እንዳይነካ በመካከላቸው ጨርቅ ይገባል። ሁለት ቅጠሎች ጎን ለጎን ሆነው ከክፈፉ ጋር በሚጣመሩባቸው ሦስት ማዕዘኖች ላይ ጨርቁ ይደረባል፤ የመዝጋቱ ኃይል ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ነውና። እኔ ይህን ቫልቭ በፎቶግራፍ አጉልቼ ስመለከት ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደነዚያ ማዕዘኖች ነው። ጥሩ ልብስ ሰፊ የሚታወቀው በብብቱ ስፌት ነው፤ የቫልቭ ሰፊም በማዕዘኑ።

ክፈፉ ኮባልትና ክሮሚየም ነው። የመረቡ የላይኞቹ ዓይኖች ሰፊ ናቸው፤ ምክንያቱም ለራሱ ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሱት ሁለቱ ደም ቅዳዎች የሚነሡት ከቫልቩ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው፤ መንገዳቸው መዘጋት የለበትም። ከታች በውስጥም በውጭም የተሰፋው የፖሊየስተር ጨርቅ ቀሚስ በብረቱና በግድግዳው መካከል የሚቀረውን ክፍተት ይሞላል። ካልሲየሙ ወጣ ገባ ስለሆነ ክፍተት መቼም አይጠፋም።

አሁን ይህ 23 ሚሊሜትር የሆነ ነገር በብሽሽት ባለው ደም ቅዳ በኩል መግባት አለበት። ሲቀበሉት በኬሚካሉ ውስጥ እንደተዘፈዘፈ ነው፤ በጨው ውኃ ተደጋግሞ ይታጠባል። ከዚያ በመጭመቂያ መሣሪያ ዙሪያውን እኩል እየተጨመቀ፣ ባዶ ፊኛ በተሸከመ ካቴተር ላይ ይሰበሰባል። ይህ የሚደረገው እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ታማሚው ተዘጋጅቶ ሳለ ነው፤ ቅጠሎቹ ተጨምቀው ቢቆዩ ይጎዳሉ። የመግቢያው ቱቦ የውስጥ ስፋት ሳይለጠጥ 14 ፍሬንች ነው። አንድ ፍሬንች የሚሊሜትር ሲሶ ስለሆነ 4.7 ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል። ቱቦው ራሱ ደግሞ ብልሃት አለው፦ ግድግዳው ታጥፎ የተሠራ በመሆኑ ቫልቩ ሲያልፍ እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ይሰፋል፤ ካለፈ በኋላ መልሶ ይሰበሰባል። ደም ቅዳው የሚለጠጠው ለቅጽበት ነው።

ቫልቩ ቦታው ሲደርስ ልብን በጊዜያዊ ሽቦ በደቂቃ 180 ጊዜ ያህል ወይም ከዚያ በላይ እንድትመታ ያደርጓታል። በዚያ ፍጥነት ልብ ደም መግፋት ያቅታታል፤ ፊኛውም በደም ግፊት ተገፍቶ አይሸሽም። ፊኛው ይነፋል፣ ይቆያል፣ ይተነፍሳል። ሰከንዶች ናቸው። አዲሱ ቫልቭ ከሚቀጥለው ምት ጀምሮ ይሠራል።

ልኩ አስቀድሞ በሲቲ ስካን ተወስዷል። የሚለካው ቀለበት ግን በእውነት ያለ ቀለበት አይደለም። ሦስቱ የአሮጌው ቅጠሎች ከታች የተተከሉባቸው ዝቅተኛ ነጥቦች በሐሳብ መስመር ሲያያዙ የሚገኝ ክብ ነው፤ ክብም አይደለም፣ ሞላላ ነው። ስለዚህ ዙሪያውና ስፋቱ ተሰልቶ ልኩ ይመረጣል። ቫልቩ ከጠበበ ያፈሳል ወይም ይነቀላል፤ ከሰፋ ግድግዳውን ሊቀድ ይችላል። ከታች ደግሞ የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚያስተላልፍ ጥቅል በቀጭን ግድግዳ ሥር ያልፋል። ቫልቩ ጥቂት ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ ያንን ጥቅል ይጫነዋል፤ ታማሚውም የልብ ምት መቆጣጠሪያ መሣሪያ (ፔስሜከር) ሊያስፈልገው ይችላል። ከላይ ደም ቅዳዎቹ፣ ከታች ጥቅሉ። የሚቀረው ቦታ ጠባብ ነው።

ይህ ሁሉ የጀመረው በአንድ ወጣት ዴንማርካዊ ሐኪም እጅ ነው። ሄኒንግ ሩድ አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1989 ሽቦ በእጁ አጥፎ ክፈፍ ሠራ፣ የአሳማ ቫልቭ በውስጡ ሰፋበት፣ በፊኛ ላይ ጨምቆ በዚያው ዓመት ግንቦት 1 በሕይወት ባለ አሳማ ልብ ውስጥ ከፈተው። ጽሑፉ ተቀባይ አጥቶ ቆይቶ በ1992 ታተመ። በፈረንሳይ ሩዋን ከተማ የነበረው አላን ክሪቢዬ ደግሞ በ1985 የጠበበውን ቫልቭ በፊኛ ማስፋት ጀምሮ ነበር፤ የሰፋው ግን ብዙም ሳይቆይ መልሶ ይጠብ ነበር። ክሪቢዬ ከሞቱ ሰዎች በተወሰዱ 12 ልቦች ላይ 23 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ስቴንት፣ ማለትም ቱቦ መሰል የብረት መረብ፣ ሞከረ። ላይና ታቹን ሳይነካ ሊቀመጥ የሚችለው ቁመት ከ14 እስከ 16 ሚሊሜትር መሆኑን አገኘ፤ ካልሲየሙ ስቴንቱን አጥብቆ እንደሚይዝም በመሳብ አረጋገጠ። የመጀመሪያውን ሰው ያከመው ሚያዝያ 16 ቀን 2002 እ.ኤ.አ. ነው። ታማሚው የ57 ዓመት ሰው ነበር፤ ቀዶ ሐኪሞች አይሆንም ብለው የተዉት። ቫልቩ ሠራ። ሰውየው ከወራት በኋላ ያረፈው ከቫልቩ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት ነው።

ሌላ ቤተሰብም አለ፤ ፊኛ የማይፈልግ። ክፈፉ ኒቲኖል ነው፣ የኒኬልና የቲታኒየም ቅይጥ። በበረዶ በቀዘቀዘ የጨው ውኃ ውስጥ ሲነከር ይለሰልሳል፤ ያኔ ይታጠፋል። የሰውነት ሙቀት ሲያገኝ የተማረውን ቅርጽ ያስታውሳል፣ በራሱ ይከፈታል። ቅጠሎቹ ከአሳማ የልብ ከረጢት ናቸው። ቦታው ካላማረ ሙሉ በሙሉ ሳይለቀቅ መልሶ መሰብሰብ ይቻላል። ለእኔ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ በፊኛ የተከፈተ ብረት ግን መመለሻ የለውም።

ጥናቶቹ ብዙ ናቸው፤ ሁለቱን ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ፓርትነር ጥናት ቀዶ ሕክምና የማይችሉ ታማሚዎች ነበሩ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ቫልቩ ከገባላቸው 30.7 በመቶ፣ ካልገባላቸው 50.7 በመቶ ሞተዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ኖሽን የተባለው የዴንማርክና የስዊድን ጥናት ደግሞ 280 ሰዎችን ለ10 ዓመት ተከታትሏል። ከባድ የቫልቭ መበላሸት የታየው በካቴተር ከገባላቸው በ1.5 በመቶ፣ በቀዶ ሕክምና ከተተካላቸው በ10 በመቶ ላይ ነው። ታማሚዎቹ አረጋውያን ስለነበሩ ብዙዎቹ ከቫልቮቻቸው ቀድመው አርፈዋል፤ ስለ ወጣት ልብ ከዚህ መደምደም አይቻልም። ልብ በደቂቃ 70 ጊዜ ብትመታ በቀን ከ100,000 በላይ፣ በዓመት 37 ሚሊዮን ገደማ ነው። ዓለም አቀፉ መለኪያ እንዲህ ያለ ቫልቭ በማሽን 200 ሚሊዮን ጊዜ ተከፍቶ እንዲዘጋ ይጠይቃል። ያ የአምስት ዓመት ምት ነው። የ25 ዓመት ሰው ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ ወደ ካልሲየሙ እንመለስ። በአገራችን ወጣቶች ላይ ቫልቭ የሚያበላሸው በአብዛኛው የሩማቲክ ሕመም ነው፤ ከልጅነት የጉሮሮ ቁስለት ይነሣል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የልብ ማዕከልም ብዙ የሚያየው እንዲህ ያለውን ሕመም ነው። ቅጠሎቹ ይወፍራሉ፣ ይኮማተራሉ፣ ያፈስሳሉ። ካልሲየም ግን ብዙ ጊዜ የለም። ያ ሁሉ ብልሃት የሚደገፍበት መያዣ የለም ማለት ነው፤ ቫልቩ ይንሸራተታል። ከዚህም ሌላ የእንስሳ ሽፋን በወጣት ሰውነት ውስጥ ቶሎ ይደርቃል።

ለዚህ ሌላ እጅ ያስፈልጋል፤ እየተሠራም ነው። በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን በቀዶ ሐኪሙ ፒተር ዚላ የተመራው ቡድን ለሩማቲክ ቫልቭ የሚሆን መሣሪያ ሲያበጅ ቆይቷል። ፊኛው መሐሉ ክፍት ነው፤ ተነፍቶም ደም በውስጡ ያልፋል። ስለዚህ ልብን ማስጋለብ አያስፈልግም፣ ሐኪሙም በሰከንድ አይጣደፍም። መሣሪያው ትክክለኛ ቦታውን ራሱ እንዲያገኝም ታስቦበታል። ውድ የምስል መሣሪያ በሌለበት ክፍል ትርጉሙ ትልቅ ነው። ለቅጠሎቹም ከእንስሳ ሽፋን ይልቅ ፖሊመር እየተሞከረ ነው። ካየኋቸው ሁሉ ይህን ፊኛ እመርጣለሁ፤ የሚሠራበትን ክፍል አስቀድሞ ያየ ሰው ሥራ ነውና።

እስከዚያው ለብዙዎቹ ወጣቶቻችን ያለው ደረት ተከፍቶ የሚገባው ሜካኒካል ቫልቭ ነው። ሁለት የካርቦን ግማሽ ክቦች ናቸው፤ ሲዘጉ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ይሰማሉ። ለዓመታት ያገለግላሉ፤ ግን ደም እንዳይረጋባቸው ዋርፋሪን በየቀኑ መወሰድ፣ የደሙ መቅጠንም በአይኤንአር ምርመራ መለካት አለበት። በቤታችሁ እንዲህ ያለ ቫልቭ ያለው ሰው ካለ ኪኒኑ እንዳይቋረጥበት፣ የምርመራ ቀኑም እንዳያልፈው አግዙት።